የቆጡ ፀሐይና የብብቱ ሙቀት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የአበው አነጋገር ስለ ምሕንድስና የተነገረ አይደለም። ሆኖም መኖሪያ ቤትን በፀሐይ ኃይል ለማሞቅና ለማብራት ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገውን ጥረት ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ አባባል ደጋግሞ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ብዙ ታላላቅ ሊቃውንት ከጣሪያ በላይ ያለውን ኃይል ለማውረድ ገንዘባቸውንና ዕውቀታቸውን ሲያፈሱ፣ በግድግዳና በመስኮት በኩል ያለ ከልካይ ይወጣ የነበረውን ሙቀት ግን ለረጅም ጊዜ ቸል ብለውት ኖረዋል።

ለመሆኑ ይህ ቸልታ እንዴት ሊፈጠር ቻለ? በእነማንስ ታረመ? ለአገራችን ባለሙያስ ምን ያስተምራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የውሃ ማሞቂያው ትምህርት

የፀሐይ ኃይል ወደ መኖሪያ ቤት በመጀመሪያ የገባው በኤሌክትሪክ መልክ ሳይሆን በሙቅ ውሃ መልክ ነው። በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ነዋሪ፣ የብረት ታንኮችን መስተዋት በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ በማስቀመጥ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። «ክላይማክስ» የተባለው ይህ መሣሪያ በተለይ በካሊፎርኒያ ብዙ ገዢ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ውሃው የሚሞቅበትና የሚጠራቀምበት ስፍራ አንድ ስለነበረ፣ ቀን በመስተዋቱ የገባው ሙቀት ሌሊት በዚያው በመስተዋቱ ይወጣ ነበር። በመሆኑም ጧት ፊቱን ለመታጠብ የሚነሣ ሰው የሚያገኘው የቀዘቀዘ ውሃ ነበር።

በ1909 ዊልያም ቤይሊ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው የመሰብሰቢያውንና የማከማቻውን ሥራ ለየ። ውሃው በጣሪያ ላይ በተዘረጋ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየሞቀ፣ በራሱ ቅለት ወደ ላይ ወጥቶ በሙቀት መከላከያ ወደተጠቀለለ ታንክ ይገባ ነበር። ቤይሊ መሣሪያውን «ቀንና ሌሊት» ብሎ ሰየመው፤ የቀድሞውንም ዓይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ አስወጣው። የአዲሱ መሣሪያ ዋና ብልጫ ከፀሐይ ብዙ ሙቀት በመቀበሉ ብቻ ሳይሆን የተቀበለውን እስከ ማግሥቱ ይዞ በማቆየቱ ነበር። በኋላ በዚያው አካባቢ ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ በመገኘቱ ይህ ኢንዱስትሪ ከካሊፎርኒያ እየጠፋ ሄደ። የቤይሊም ታንክ ያስተማረው ትምህርት አብሮ የተረሳ ይመስላል።

ሙቀትን ከበጋ ለብርድ ወራት

በ1938 ጎድፍሪ ላውል ካቦት የተባሉ ባለጸጋ ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለፀሐይ ኃይል ምርምር የሚውል ከፍተኛ ስጦታ አደረጉ። በዚሁ ገንዘብ በኬሚካል መሐንዲሱ በሆይት ሆተል መሪነት በ1939 የመጀመሪያው የኢንስቲትዩቱ የፀሐይ ቤት ተሠራ። ቤቱ ሁለት ክፍሎች ብቻ የነበሩት የሙከራ ሕንፃ ሲሆን፣ ከበታቹ 17,400 ጋሎን ማለትም ወደ 66 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ የሚይዝ ግዙፍ ታንክ ተቀብሮ ነበር። ሐሳቡም በበጋ የተሰበሰበውን ሙቀት አቆይቶ በብርድ ወራት መጠቀም ነበር።

ሙከራው ሠርቷል። ይሁን እንጂ ሆተል ጠንቃቃ መሐንዲስ ስለነበሩ፣ መሥራቱና ማዋጣቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ በፊት የተገነዘቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለሁለት ክፍል ሙቀት ሲባል ከክፍሎቹ የማያንስ የውሃ ጎተራ መገንባት ለማንም ቤተሰብ የማይታሰብ ወጪ ነበር። ከዚህ ሙከራ የቀረው ቋሚ ጥቅም ሆተልና ባልደረባቸው ዎርትዝ በ1942 ያወጡት የሰሌዳዎች ጥናት ነው፤ የጠፍጣፋ ሙቀት ሰብሳቢ ስሌት እስከ ዛሬ በዚያ መሠረት ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ በሃንጋሪ ተወላጅዋ በዶክተር ማሪያ ቴልኬስ ስም ይታወቃል። ቴልኬስ የውሃውን ግዝፈት ለማስወገድ የመረጡት ግላውበር ጨው የተባለውን ርካሽ ኬሚካል ነበር። ይህ ጨው በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም አንዱ ኪሎ ግራም ወደ 250 ኪሎ ጁል ሙቀት ይይዛል። ይህን ያህል ሙቀት በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለመያዝ ውሃውን በ60 ዲግሪ ማሞቅ ያስፈልጋል። ጨው ሲረጋ ደግሞ የያዘውን መልሶ ይሰጣል። በዚህ ሐሳብ መሠረት በ1948 በማሳቹሴትስ ግዛት በዶቨር አንድ ቤት ተሠራ። የሕንፃው ንድፍ የኤሊነር ሬይመንድ፣ ወጪው ደግሞ የቀራፂዋ የአሚሊያ ፒቦዲ ነበር። ሦስት ሴቶች አንድን የምሕንድስና ሙከራ ከሐሳብ እስከ ፍጻሜ መምራታቸው በዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ ነበር።

በቤቱ ውስጥ የማሞቂያ ምድጃ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የብርድ ወራት በመልካም ሁኔታ አለፉ፤ ጋዜጦችና መጽሔቶችም ዜናውን በሰፊው አወሩት፤ ጎብኚዎችም ቤቱን ለማየት ይጎርፉ ነበር። ነገር ግን ጨው በተደጋጋሚ በቀለጠና በረጋ ቁጥር እየተለያየ የማከማቸት ኃይሉን አጣ፤ የያዙትንም የብረት ዕቃዎች ዛገት በላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቱ የተለመደውን ማሞቂያ ለመቀበል ተገደደ። ቴልኬስም በ1953 ከኢንስቲትዩቱ ወደ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ጨውን የማሻሻል ሥራቸውን ግን እስከ እርጅና ድረስ አልተዉም።

በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር ይታያል። ክርክሩ ዘወትር ስለ ማከማቻው ነበር፤ ውሃ ይሻላል ወይስ ጨው? ጆርጅ ሎፍ በዴንቨር በ1957 እንዳደረጉት ጠጠር ይሻላል ወይስ ሌላ? ቤቱ ለምን ይህን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን የአብዛኛው የአሜሪካ መኖሪያ ቤት የሙቀት መከላከያ ስስ ወይም ጨርሶ የሌለ ነበር። ነዳጅ ርካሽ ስለነበረ ጥያቄው የሚያሳስብ አልመሰለም።

የነዳጁ ድንጋጤ

በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች የሽያጭ ማዕቀብ ሲያደርጉ፣ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። ችላ ተብሎ የነበረው የፀሐይ ቤት በአንድ ጊዜ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። በዚያው ዓመት የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ካርል በር መሪነት ሙቀትንም ኤሌክትሪክንም ከጣሪያው የሚያገኝ «ሶላር ዋን» የተባለ ቤት ሠራ። በ1978 የአሜሪካ ምክር ቤት የፀሐይ መሣሪያ ለሚያስገቡ ቤተሰቦች የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ሰኔ 20 ቀን 1979 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በዋይት ሐውስ ጣሪያ ላይ የተተከሉትን 32 የውሃ ማሞቂያ ሰሌዳዎች መረቁ።

የዚህ ዘመቻ መጨረሻ ግን አሳዛኝ ነበር። የነዳጅ ዋጋ በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወረደ፤ የግብር ቅናሹ በ1985 ማብቂያ ተቋረጠ፤ የዋይት ሐውስ ሰሌዳዎችም በ1986 ለጣሪያ ጥገና ተብለው ከወረዱ በኋላ አልተመለሱም። በግብር ቅናሹ ላይ ብቻ ተመሥርተው የተቋቋሙ ብዙ ኩባንያዎች ተዘጉ። ከዚህ ሁሉ ትርምስ በስተጀርባ ግን ሦስት አራት አነስተኛ ቡድኖች በጸጥታ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር።

የሬጃይናው ቤት

ከነዚህ ቡድኖች አንዱ በዴንማርክ ይገኝ ነበር። በ1975 ፕሮፌሰር ቫግን ኮርስጎርድ በኮፐንሃገን አጠገብ የሠሩት «ዜሮ ኃይል ቤት» ግድግዳው ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ የሙቀት መከላከያ ነበረው። በ1976 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ዝቅተኛ ሙቀት የሚፈልግ ቤት ነደፉ። ከሁሉም ይልቅ ታሪኩ ትምህርት የሚሰጠው ግን በካናዳ የሳስካቸዋን ግዛት በሬጃይና ከተማ በ1977 የተሠራው ቤት ነው።

የግዛቱ መንግሥት መሐንዲሶቹን የጠየቀው ለአገሩ የሚስማማ የፀሐይ ቤት እንዲሠሩ ነበር። ሬጃይና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ50 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ ከ16 ዲግሪ ገደማ አትበልጥም፤ የቀኑም ርዝመት ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ብርዱ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። ሃሮልድ ኦርና ሮብ ዱሞንት የሚገኙበት ቡድን ስሌቱን ሲሠራ፣ ሙቀት እጅግ በሚያስፈልግበት ወር ፀሐይ እጅግ የምታንስ መሆኗን ተመለከተ። በዚህም የተነሣ መሐንዲሶቹ የቀረበላቸውን ጥያቄ ገለበጡት። «ይህን ቤት በፀሐይ ለማሞቅ ስንት ሰሌዳ ያስፈልጋል?» የሚለውን ትተው «ይህ ቤት ሙቀት እንዳይፈልግ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚለውን ያዙ።

ስሌቱ ለማንኛውም መሐንዲስ ግልጽ ነው። በግድግዳ በኩል የሚያልፈው ሙቀት በስፋቱና በሙቀት ልዩነቱ መጠን ይጨምራል፤ በመከላከያው ውፍረት መጠን ደግሞ ይቀንሳል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ መከላከያው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ አይዝግም፤ ጠጋኝም አይፈልግም። የሬጃይናው ቤት ድርብ ግድግዳ 30 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ የጣሪያው መከላከያ ከዚያም ይበልጥ ነበር። ነፋስ የሚገባባቸው ስንጥቆች በፕላስቲክ ሽፋን በጥንቃቄ ተደፈኑ። ይህም ሌላ ችግር አስከተለ፤ አየር የማይገባበት ቤት ነዋሪዎቹን ያፍናልና። ለዚህም የሚወጣው የሞቀ አየር ለሚገባው ቀዝቃዛ አየር ሙቀቱን እያስረከበ የሚያልፍበት መሣሪያ ተበጀ።

በውጤቱ ቤቱ የማሞቂያ ምድጃ አላስፈለገውም። አንድ ሰው ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነቱ ይሰጣል፤ በዚህ ላይ የወጥ ቤቱ፣ የመብራቱና በደቡብ መስኮት የሚገባው የፀሐይ ሙቀት ሲጨመር ከሚያስፈልገው አብዛኛውን ይሸፍን ነበር። ትእዛዙ የፀሐይ ቤት እንዲሆን ስለነበረ ሰሌዳዎችም ተተክለው ነበር፤ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ውድና አስቸጋሪ የሆኑትም እነሱው ነበሩ፤ ቤቱ ወደ ግል ባለቤት ሲዛወር ተነሡ። የቤቱ ግድግዳ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ከዳርምስታት እስከ ጣሪያው ሴል

ይህ ዕውቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አውሮፓ የተመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1988 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፋይስትና ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ቦ አዳምሰን ስለዚሁ ጉዳይ መወያየት ጀመሩ። በ1991 በዳርምስታት ከተማ አራት ተያያዥ መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ ተጠናቆ ነዋሪዎች ገቡበት። መስኮቶቹ ሦስት መስተዋት የተነባበረባቸው፣ ግድግዳዎቹ ወፍራም፣ የአየሩ ሙቀት ተመልሶ የሚወሰድበት ነበር። «ፓሲቭ ሐውስ» የሚባለው ደረጃ ከዚህ ተወለደ፤ ለማሞቂያ የሚፈቅደውም በዓመት ለአንድ ሜትር ካሬ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህም በዚያን ጊዜ ብዙ አሮጌ ቤቶች ይፈጁት ከነበረው ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም።

በዚሁ ዘመን የፀሐይ ኤሌክትሪክም በራሱ መንገድ ይጓዝ ነበር። በሚያዝያ 1954 በቤል የምርምር ተቋም ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የተባሉት ሦስት ተመራማሪዎች ካሳዩት የሲሊኮን ሴል የሚገኘው ከተቀበለው ብርሃን 6 በመቶ ያህሉ ነበር። የዋጋው ነገር ግን ለቤተሰብ የሚታሰብ አልነበረም፤ ሴሉ ለብዙ ዓመታት የሳተላይት መሣሪያ ሆኖ ኖረ። ጃፓን በ1994፣ ጀርመን ደግሞ በተለይ በ2000 ባወጣችው ሕግ ለጣሪያ ላይ ኤሌክትሪክ የተረጋገጠ ገበያ ፈጠሩ፤ በኋላም የቻይና ፋብሪካዎች ምርቱን አበዙት። የሰሌዳ ዋጋ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል።

ታሪኩ እዚህ ላይ አንድ ዙር ያጠናቅቃል። በ2015 በዳርምስታቱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ተተከሉ። ቤቱ አስቀድሞ ፍላጎቱን ስለ ቀነሰ፣ ጣሪያው የሚሰጠው ኃይል ትርጉም ያለው ድርሻ ሊሆን ቻለ። ሆተልና ቴልኬስ የሚሹት ነገር በመጨረሻ የተገኘው እነሱ ከጀመሩበት በተቃራኒው ጫፍ በተነሡ ሰዎች እጅ ነው። ይህ ማለት የቀድሞዎቹ ድካም ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ የሰሌዳውን ስሌት የሰጡን እነሱ ናቸውና። የጎደላቸው የቅደም ተከተሉ ነገር ብቻ ነበር።

ታሪኩ በአገራችን

ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሬጃይና ብርድ የሩቅ ወሬ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን እኛንም ይመለከታል። በ1985፣ ማለትም በ1977 ዓ.ም. ገደማ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኘው በሚቶ 10.5 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ጣቢያ ለ300 ያህል የገጠር ቤተሰቦች ተተክሎ ነበር። በ1989 ደግሞ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ ጭምር እንዲያንቀሳቅስ ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገ። የመጀመሪያው ጉልበት ለ300 ቤተሰቦች ሲካፈል ለአንዱ ቤት የሚደርሰው 35 ዋት ነው። ይህ በዚያ ዘመን የተለመደውን ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳ አያበራም። ዛሬ ግን የዚያኑ አምፖል ያህል ብርሃን የሚሰጥ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት የሚወስደው 9 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያው 35 ዋት ሦስት ክፍል ይበራል። በየገጠሩ የሚታየው አነስተኛ የፀሐይ መብራት ሊስፋፋ የቻለው ሰሌዳው ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም፤ አምፖሉም ቁጥብ ስለ ሆነ ነው።

ከመብራት ወደ ምጣድ ስንሻገር ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም የሚቶ 100 ቤተሰቦች ድርሻ ነው። ወፍራሙ የሸክላ ሰሌዳ እስኪግል ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ ከበታቹና ከጎኑ መከላከያው ደካማ በሆነ ቁጥርም ሙቀቱ እንጀራውን ትቶ ወደ ጠረጴዛውና ወደ ወጥ ቤቱ አየር ይሄዳል። ምጣዱ በምድጃው ዓለም የኬምፕ ሣጥን ነው ማለት ይቻላል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ የማመንጨት አቅም እጅግ አድጓል። ይሁን እንጂ 5,150 ሜጋ ዋት የሆነው የግድቡ ሙሉ አቅም፣ በመሥመር ላይ የሚባክነው እንኳ ሳይታሰብ፣ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው አንድ ሚሊዮን ተኩል የማይሞሉ ምጣዶችን ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት አገር ይህ ስሌት ሊያሳስብ ይገባል። የምጣዱን ፍጆታ በአንድ አምስተኛ መቀነስ የሚችል የመከላከያና የሸክላ ማሻሻያ ቢገኝ፣ በሁሉም ምጣዶች ላይ ሲደመር ግድብ ሳይገነባ ከሺህ ሜጋ ዋት በላይ የሚተካ ትርፍ ይሆናል። እንደዚሁም በቆላው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት የሚሰቃየው ቤተሰብ ነገ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት፣ አባቶቹ ከሣር ክዳን ያገኙት የነበረውን ጥላና መከላከያ በአዲስ መልክ የሚመልስለት ባለሙያ ያስፈልገዋል።

መከላከያና ስንጥቅ መድፈን በምረቃ ቀን ሪባን የሚቆረጥላቸው ሥራዎች አይደሉም፤ ሰሌዳ በጣሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ ይታያል፣ በግድግዳ ውስጥ ያለው ጥጥ ግን አይታይም። የሬጃይና መሐንዲሶች ትልቁ ድፍረት የታዘዙትን ከመሥራታቸው በፊት የትእዛዙን ጥያቄ እንደገና መጠየቃቸው ነበር። የማኅበራችን አባላትም ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ጤና ጣቢያ የፀሐይ ሰሌዳ ሲያሰሉ፣ በወረቀቱ የመጀመሪያ መሥመር ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ስንት ሊሆን ይችል እንደነበረ ቢጽፉ፣ የቆጡ ሲወርድ የብብቱ አይወድቅም።